ለማያይ ዓይን የተያዘ ቀጠሮ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ሰከላ የእኔን ባትሪ ያልቀመሰ የታመመ ዓይን ካለ ባለቤቱ ይምጣና ይናገር። የለም! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ላይ ሳበራ ኖሬ፣ አሁን ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ቁጭ ብዬ የማንበቢያ መነጽር እሸጣለሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ ሲያልፍ «ዶክተር ባትሪ፣ እንዴት ነህሳ?» ይለኛል። ዶክተር የምትለዋ ቀልድ ናት። ባትሪዋ ግን እውነት ናት።

ከሥራ ያስወጣኝ በሽታም እርጅናም አይደለም፤ ወረቀት ነው። መደቡ ዲፕሎማ ይጠይቃል ተባለ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛዬ ዛሬም «ሁለት ጠብታ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ» ከሚለው አያልፍም። በዚያ የሚፈትን ቢኖር አንደኛ እወጣ ነበር። አልተገኘም። ሲያሰናብቱኝ ጋቢ አለበሱኝ፣ አለቃው ንግግር ሲያደርግ ስሜን ተሳሳተ፣ እኔም አጨበጨብኩለት።

የተቀጠርኩት በጥበቃነት ነው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም አንድ ጤና ተቋም በር ላይ አቆሙኝ። ዱላ፣ ካፖርትና ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ ተሰጠኝ። ደመወዙን አልናገርም፣ ሰው ያለቅሳል።

አንድ ረፋድ መብራት ጠፋ። የዓይን ክፍሏ ኃላፊ ሲስተር እናኑ የሰው ዓይን ከፍታ ሞራ እያወጣች ነበር። ኮሪደሩን የሚሰነጥቅ ድምፅ ሰማሁ፤ «ጥበቃ! ባትሪህን ይዘህ ና!» ሮጬ ገባሁ። ቀና ሳትል «ካፖርቱን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ አትናገር» አለችኝ። ሁለቱን ወዲያው አደረግሁ፤ ሦስተኛው ግን ለእኔ ከባድ ትእዛዝ ነው። ክንዴ እስኪደነዝዝ አበራሁላት። ስትጨርስ ጓንቷን እያወለቀች «እጅህ አይንቀጠቀጥም» አለችኝ። ዲፕሎማዬ ይቺ ናት። በማግስቱ ሌላ ሰው ለጥበቃ ፈልጉ ብላ ወደ ውስጥ አስገባችኝ።

ሲስተር እናኑን አንቱ ስላት «እንኳን አንቱ ልባል ገና አላገባሁም» ብላ ስለከለከለችኝ አንቺ እያልኩ ነው የማወራላችሁ። ሐኪም አልነበረችም፤ ሞራ ለማውጣት በልዩ ሥልጠና የተማረች ነርስ ናት። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ በግምገማ ቀን የሚጮህ፣ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ ብሎ ወንበር ሲያዘዋውር የሚውል፣ የሕሙማን ቁጥር እንጂ ሕመምተኛ አይቶ የማያውቅ። እሷ ከበሽተኛው ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ገበሬው ቀና ብሎ እንዳያያት፣ እሷ ቀና ብላ እንድታየው። ከመንካቷ በፊት እጇን ትከሻው ላይ ታሳርፋለች፤ «አሁን ውሃ ነው፣ ይቀዘቅዝሃል። አሁን መርፌ ነው፣ ያምሃል» ትላለች። «አያምም» ብላ አታውቅም። «ይድናል» የሚል ቃልም ከአፌ ከወጣ ያን ቀን አታናግረኝም። ሻይ ታስመጣና ትረሳዋለች፤ በእሷ ሥር ስሠራ የቀዘቀዘ ሻይ የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ያስተማረችኝ ብዙ ነው። ሽፋሽፍት ሲቆረጥ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መቀሱን ቅባት ትቀባዋለህ፤ ፀጉሩ እዚያው ይጣበቃል። ከገጠር የመጡ እናቶች ፀጉራቸው ላይ ቅቤ ስላለ ፕላስተር ግንባራቸው ላይ አይይዝም፤ በሳሙና አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ሻሽ አስረህ ነው። ይቺን የሻሽ ነገር እኔ ነኝ የፈለሰፍኳት፤ ማንም አይጽፍልኝም ብዬ ነው እዚህ የምጽፋት። መርፌ ከመወጋታቸው በፊት ደግሞ ሲስተር «በል አስቃቸው» ትለኛለች። የሳቀ ሰው አይወራጭም። በመንግሥት ደመወዝ እየተከፈለው የቀለደ ሰው በምዕራብ ጎጃም እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዋናው ሥራዬ ግን ብርሃን መፈተን ነበር። ሞራ ያለበት ዓይን ሰው ባይለይ እንኳ ብርሃን ከለየ ተስፋ አለው። ሞራው በር ላይ የተዘጋ መጋረጃ ነው፤ ትገልጠዋለህ። ብርሃን ጨርሶ የማይለይ ከሆነ ግን ቤቱ ራሱ ፈርሷል፤ መጋረጃ ብትገልጥ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ነው የማላፌዝባት ነገር ያለችው።

ሰከላ ለዓይን ሕክምና ዘመቻ ወጥተን ሰው እንደ ንግሥ ቀን ፈሰሰ። እማማ አንጓች የሚባሉ ባልቴት ልጆቻቸው በቃሬዛ አመጧቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ተጋርዷል። ባትሪዬን አበራሁና «እማማ፣ መብራቱ ይታይዎታል?» አልኳቸው። «አዎን የኔ ጌታ፣ ተባረክ» አሉ። በሌላ በኩል አበራሁ። «አሁንስ?» «አዎን፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ካርዳቸው ላይ ብርሃን ያያሉ ብዬ ጻፍኩ። ሲስተር የሰዉ ብዛት አስጨንቋት የእኔን ጽሑፍ አመነች፤ የተሻለች የመሰለችንን አንዷን ዓይን ሠራቻት።

በማግስቱ ልጆቹ፣ ምራቶቹ፣ የልጅ ልጆቹ መጡ። አንዷ ምራት እልል ልትል አፏን በነጠላ ይዛ ቆማለች። ፕላስተሩን የፈታሁት እኔ ነኝ። ዓይኗ ጥርት ብላ ጠቁራለች፤ የሚያምር ሥራ ነበር። እማማ አንጓች ፊታቸውን ወዲህና ወዲያ አዟዟሩ። «ልጄ፣ ፈታኸው እንዴ?» አሉኝ።

ሲስተር ባትሪዬን ተቀብላ ራሷ ፈተነቻቸው። ምንም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ትናንት ይታየኛል ብለውኝ አልነበር?» አልኳቸው። እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙና «ከማለዳ ጀምሮ ስትደክም እሰማሃለሁ። አይታየኝም ብዬ በሰው ፊት እንዴት ላሳፍርህ?» አሉኝ።

ሲስተር አልጮኸችብኝም። ወደ ልጆቹ ወሰደችኝና «አንተ ንገራቸው፤ እኔም አልደገምኩትም፣ ጥፋቱ የሁለታችን ነው በላቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። ያቺ ምራት ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ስንመለስ በመኪና ውስጥ ሲስተር አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ሰው አዎን ሊልህ የሚችለውን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳትጠይቅ።»

ከዚያ ወዲህ «ይታይዎታል?» ብዬ አላውቅም። ደህናዋን ዓይን በመዳፌ እከድናለሁ፤ በጣት አይደለም፣ ብርሃን በጣት መሀል ይሾልካል። ማብሪያዋ ቀጭ እንዳትል በአውራ ጣቴ አፍኜ እገፋታለሁ፤ ጆሮ ያለው ሰው በድምፅ ያውቃል። ከዚያ «ከየት በኩል ነው?» እላለሁ። አንዳንዴም ሳላበራ እጠይቃለሁ። ያልበራውን መብራት «ከቀኝ ነው» ያለኝ ሰው አክብሮኝ ነው እንጂ አይቶ አይደለም።

አያ አለኸኝ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሞባይል ገብቶ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የሚወጣበት ጊዜ። የቡሬ ገጠር ገበሬ ናቸው፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ቁመታቸው የበር ጉበን የሚነካ። ቀኝ ዓይናቸው ደህና ነው። ግራው እንደተላጠ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ነው። ፈተንኩ። በአራቱም አቅጣጫ አበራሁ፣ ሳላበራም ጠየቅሁ። «እንጃ፣ እንጃ፣ እንጃ» አሉ። የእሳቸውን እንጃ ወደድኩት፤ ቀጥተኛ ሰው ናቸው።

«አያ፣ ይቺ ዓይን አታይም። ሞራው ቢወጣም አታይም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልናደርግልዎ ነው?»

«ነጩን አውጡልኝ። ጥቁር ይሁን።»

እኔ መቼ ዝም እላለሁ። «ምነው አያ፣ ሌላ ሊያገቡ አስበው ነው?»

«ሚስቴ ይቺ አንዷም በዛችብህ ትለኛለች» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና ነገሩኝ።

በጉብዝናቸው፣ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ከእንጨት የተጠረበችዋ ኳስ፣ ጥንጓ፣ ዓይናቸው ላይ አረፈች። የመታት አብሮ አደጋቸው ሞኝሆዴ ነው። ሆን ብሎ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። የጉማ ካሳ አልተጠየቀም፣ ሽማግሌም አላስፈለገም፣ እዚያው ይቅር ተባባሉ። ሞኝሆዴ ግን ያን ቀን አንገቱን ደፋ፣ እስከ ዛሬም አላቀናው።

«ሠላሳ ዓመት አለፈው» አሉ አያ አለኸኝ። «በክረምት ከራሱ በፊት የእኔን ያርሳል። ማር ሲቆርጥ መጀመሪያ ለእኔ ነው። እኩያዬ ነው፣ አንቱ ይለኛል። ሲያወራኝ ጫማዬን እያየ ነው። ጫማዬን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃታል፤ ስትቀደድ የሚነግረኝ እሱ ነው። ነፍስ አባቱ ፈቱት፣ እኔ ማርኩት፣ ይቺ ነጭ ግን አልማረችውም። እኔ እኮ ከዓይኔ ጋር ጓደኛዬንም ነው ያጣሁት። ዓይኔስ አይመለስ፤ ሰውየውን ግን…»

ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። በእኔ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም።

ሲስተር ስነግራት «ለማያይ ዓይን ስለት አላነሳም» አለች። እውነቷን ነበር። የተመታ ዓይን ሲከፈት ሊደማ፣ ሊመረቅዝ፣ እየከሳ ሊሄድ ይችላል፤ የማያምመው ዓይን የሚያምም ሊሆን ይችላል። ከባሰም ጨርሶ ይወጣል። እምብዛም ባይሆን እንኳ ደህናዋን ዓይን ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ለእሳቸው ደግሞ ያለቻቸው እሷው ናት። «ለመልክ ብለን ሰውየውን ጨለማ ብናገባውስ?» አለችኝ። ግን ሻይዋን አልነካችም፣ እኔም አልጠጣሁትም። ከሰዓት ባሕር ዳር ላለው ሐኪም ደወለች። እሱም የሚያስፈራውን ሁሉ ዘረዘረና፣ ዓይኑ ረግቶ ከቆየ፣ ሰውየውም እንደማያይ አውቆ ከፈለገ መሥራት ይቻላል አለ።

ሲስተር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። «አሁን መልሰህ ንገረኝ» አለች። ነገሯት። «ድገምልኝ።» ደገሙ። በሦስተኛው «ኧረ ልጄ፣ አታይም፤ ልታምም ትችላለች፤ ልትወጣ ትችላለች፤ ገባኝ!» አሉ። እሷም «እንግዲያ ይህን የምታደርግለትን ሰው ይዘህ ና» አለቻቸው።

አያ ሞኝሆዴ መጡ። አጭር፣ ደንደን ያሉ ሰው፤ አንገታቸው እውነትም ወደፊት የተተከለ ነው። ገና ሳይቀመጡ ለወለሉ እየተናገሩ «ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስያለሁ። ዓይናቸው የበራ ዕለት ስለቴን አገባለሁ» አሉ።

እኔና ሲስተር ተያየን። ሰውየው ዓይን ሊበራ ነው ብለው ነው የመጡት። የሰከላዋ ምራት ከነነጠላዋ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

«አያ ሞኝሆዴ፣ እሷ ዓይን አትበራም» አልኩ።

«እንዴት አትበራም? ትንሽ ትንሽ ይታያቸዋል እኮ! እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

ወደ አያ አለኸኝ ዞርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸውም መሬት አዩ። ጓደኛቸውን ለማጽናናት ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ትንሽ ትንሽ ይታየኛል» ሲሉ ኖረዋል። በይሉኝታ የእማማ አንጓች ወንድም ናቸው!

እንግዲህ በአፍ ብነግራቸው አያምኑኝም። ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም፣ ባትሪዬን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። «ራስዎ ይፈትኑ» አልኳቸው።

«እኔ?»

«ቀላል ነው። እኔም የተማርኩት በር ስጠብቅ ነው።»

የአያ አለኸኝን ደህናዋን ዓይን በመዳፌ ከደንኩ፤ እጄ ሰፊ ስለሆነ የፊታቸው እኩሌታ ተሸፈነ። አያ ሞኝሆዴ ባትሪውን ያዙ፤ ለማብራት ደግሞ ማየት ግድ ነው። ቀስ ብለው አንገታቸው ተነሣ። ያቺን ነጭ አዩዋት። ብርሃኑን ከግድግዳው አንሥተው ዓይኗ ላይ አደረጉት።

«ከየት በኩል ነው?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«እንጃ።»

«አሁንስ?»

«እንጃ፣ ሞኝሆዴ።»

ከላይ አበሩ። ከታች አበሩ። ሊነካት እስኪደርስ አስጠጉት። እኔ ሲበቃ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን አልበቃቸውም፣ ድንጋዩ እስኪደክም አበሩ። ከዚያ «ምንም?» አሉ።

«ምንም።»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ።»

ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወጡ። ግቢውን ተሻግረው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። በቃ፣ አልኩ በልቤ፤ የያዛቸውን አንዲት ክር በእጄ በጠስኳት፤ ይሄም እንደ ሰከላው በእኔ ስም ይጻፋል። አያ አለኸኝ በትራቸውን ይዘው በር በሩን ያያሉ።

ብዙ ቆይተው ተመለሱ። ግቢው ቧንቧ ላይ ፊታቸውን ታጥበው ነው፤ ውኃው ከጺማቸው ይንጠባጠባል። በግራ፣ በነጩ በኩል ተቀመጡ። አንገታቸው ተመልሶ ደፋ ብሏል።

«ሠላሳ ዓመት ዋሹኝ» አሉ።

«ዋሸሁህ።»

«ለእኔ ብለው ከሆነ አይነካ። እኔ እንደለመድኩት እኖራለሁ። በእኔ ምክንያት ሁለተኛ አይታመሙ።»

አያ አለኸኝ በትራቸውን መሬት መቱ። «ማን ለአንተ አለ? ለራሴ ነው! አናትህን እያየሁ ማርጀት ሰልችቶኛል። ራሰ በራ መሆንህን ከሚስትህ በፊት ያወቅሁ እኔ ነኝ!»

ሲስተር ሳቋን ልትይዝ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ አልያዝኩትም። አያ ሞኝሆዴ ራሳቸውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉና «እንግዲያ ይሠሩ» አሉ።

ያን ቀን እንኳ ለመዋሸት አልደፈርንም። ሲስተር ካርዱ ላይ በቀይ «ለማየት አይደለም» ብላ ጻፈች፤ አነበበችላቸው፤ ሁለቱም አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። የአያ ሞኝሆዴ ጣት አያስፈልግም ነበር፤ እኔም ልኑርበት ብለው ነው።

በቀጠሮው ቀን ሽፋሽፍታቸውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። «በል አስቃቸው» አለች ሲስተር። «አያ፣ ይሄን ሁሉ አገልግሎት አግኝተው ሳያዩን ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው። ሆዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ሥራው ከሌላው ጊዜ ረዘመ፤ የተመታ ዓይን ውስጡ ይጣበቃል። የሲስተርን ላብ ሁለት ጊዜ ጠረግሁላት። ነጩ ወጣ። ሌንስ አላስገባችም፤ ለሚያይ ሰው ይቆይ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ፕላስተሩን ልፈታ ቆምኩ። እልል የሚል የለም፣ ጃንጥላ የለም፤ ሲስተር፣ እኔና ሁለቱ ሽማግሎች ብቻ። ምን ዓይነት ጭንቅ ነው! ሌላ ጊዜ የተሠራውን ሰው ነው የምንጠብቀው። ያን ቀን ሦስታችንም የምንጠብቀው ወንበር ላይ የተቀመጡትን፣ መሬት የሚያዩትን ሰውዬ ነው።

ፈታሁ። ትንሽ ቀልታለች፣ ትንሽም ወደ ጆሮ በኩል ዞር ብላለች፤ ግን ጥቁር ናት። «ያምሃል?» አለች ሲስተር። «ትቆረቁረኛለች እንጂ ደህና ነኝ» አሉ አያ አለኸኝ። ከዚያ «ሞኝሆዴ» ብለው ተጣሩ።

አያ ሞኝሆዴ ወለሉን አዩ። የአልጋውን እግር አዩ። የጋቢውን ጥለት ተከትለው ደረት ላይ ደረሱ። እዚያ ቆሙ። ሲስተር ልትናገር ስትል ክንዷን ያዝኩ፤ አለቃዬን እንዲያ የያዝኳት ያን ቀን ብቻ ነው። አገጭ ላይ ደረሱ። ከዚያ ሙሉ ፊቱን አዩት፤ አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን፣ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ የሸበተውን ጺም። አፋቸው ተከፈተ።

«ኧረ አለኸኝ!» አሉ። «መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?»

«አንተ ጫማዬን ስታይ» አሉ አያ አለኸኝ።